አራራይ ማለት ሳበኝ ማለት ነው

ሥራ በገባሁበት ዕለት በሳቅ ምክንያት ልባረር ነበር።

ቦታው ምጽዋ ነው፤ ዘመኑ የጃንሆይ። የሰመጠ ዕቃ ከባሕር ወለል የሚያወጣ አንድ ድርጅት ስልክ ጠባቂ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። የጠበቅሁት ጠረጴዛና ወንበር ነበር። ያስቀመጡኝ ግን ጀልባ ጠርዝ ላይ፣ በገመድ ጥቅልና በቦምቦላ መካከል ነው። ቦምቦላ ጋዝ የሚታመቅበት ረጅም የብረት ጠርሙስ ነው። ስልኩም ወደ ከተማ አይደውልም። ሽቦው ከእጄ ተነስቶ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ላይ የመዳብ ቁር ያጠለቀ ሰው ቆሟል።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አንዲት የዳክዬ ጫጩት ትቆጣኛለች። ሳቅሁ። ጫጩቷ ባሰባት። እኔም ባሰብኝ።

«ምንድን ናት የምታስቅሽ?» አለኝ አለቃዬ። «እሷ ሰው ናት!»

«እሷ» ያለው ጢሙ የደረሰ፣ ትከሻው በበር የማይገባ ጠላቂ ነበር። አለቃዬ ሙሴ ያኒ ይባላል፤ አማርኛን ከወደብ የለቀመ ግሪካዊ ነው። በእሱ ሰዋስው ወንድ የሚባል ፍጡር የለም። መርከቡም፣ ሚኒስትሩም፣ እኔም ሴቶች ነን። ውኃን ግን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፤ እኔ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ተደምረው ከባሕር በታች አንድ ክንድ አያወርዱኝም ነበር። ይህን የምለው መጻሕፍትን ለማቃለል አይደለም። መጻሕፍት እርጥበት አይወዱም ለማለት ነው።

የዳክዬዋን ነገር በኋላ አስረዳኝ። ሰው ሁሉ አየርን ሲያመሰግን ይኖራል፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አየርን አላምነውም። ይህ በነጻ የምንተነፍሰው አየር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ያሰክራል። ጠላቂው ወደ ታች በወረደ ቁጥር አንድ ዋንጫ ጠላ የጨለጠ ያህል ይሆናል። የሚያሰክረው አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ እሱን አውጥተው በቦታው ሂሊየም የሚባል ቀላል ጋዝ ይተኩበታል፤ ኦክስጅኑንም ይቀንሱታል፤ እሱም ጥልቅ ውስጥ ሲበዛ መርዝ ነውና። ይህን «ድብልቁ» እንለዋለን።

ሂሊየም አያሰክርም። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ ጠብ የለው። ሁለት ነገር ግን ይሰርቃል። አንደኛ ሙቀት፤ ደረትህ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ያለህን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ሁለተኛ ድምፅ፤ የጎልማሳውን ወስዶ የጫጩት ይሰጥሃል። እንግዲህ ስልክ ጠባቂው የጫጩቷን ነገር ተርጉሞ ለአለቃው ይነግራል፤ አለቃው ያዛል፤ ገመድ ሳቢዎቹ ይስባሉ። ማዕረጋችን ይኸው ነው። ከሁሉ በታች ያለው ጠላቂው ነው፤ በማዕረግ ሳይሆን በቦታ።

ጠላቂያችን እሸቴ የስማዳ ልጅ ነው። እኔ የታች ጋይንት ነኝ፤ ከአርብ ገበያ ወዲያ። ሁለታችንም እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት፣ ድጓ ቤት፣ ተቀምጠናል፤ ሁለታችንም ሳናስመሰክር፣ የመምህርነት ማረጋገጫ ሳንይዝ፣ ወጥተናል። እሱ ለመውጣቱ ምክንያት ሲጠየቅ «ጋይንቴ በዛብኝ» ይላል። እኔ ስጠየቅ ዜማ ከማጥናት ይልቅ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ወድጄ ነው እላለሁ። እሸቴ ይህን ሲሰማ «ድምፁ ስለማያምር ነው» ብሎ ያርማል።

እሸቴ መጀመሪያ በድብልቁ የወረደ ዕለት ከተናገረው አንድ ቃል አልያዝንም። «ገመድ» ይበል «ግመል» ለይቶ የሚነግር አልነበረም። ሙሴ ያኒ ቁሩን በመዶሻ ሊመታው ፈለገ፤ ቁሩ ግን ከእሸቴ ጋር ታች ነበር። ኋላ እሸቴ ሰልችቶት ይመስለኛል ለራሱ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔም ተቀምጬበት ከነበረው ሣጥን ብድግ አልኩ።

ግዕዝ ነው! ቃሉ የዳክዬ ነው፤ ዜማው ግን አንድ ቦታ ሳይሰበር የቤተ ልሔም ግዕዝ ነው። ድጓ ቤት ያልዋለ አንባቢ እንዲከተለኝ ልንገረው፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሦስት ዓይነት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ሦስቱን የቀመሰ ሰው እንኳን በዳክዬ አፍ፣ በር ሲጥ ሲጥ ሲልም ቢሰማቸው ይለያቸዋል። ሂሊየም ቃሉን ያጨማልቀዋል እንጂ የድምፁን መውጣትና መውረድ አይነካም።

እሸቴ ሲወጣ ተጣላን፤ ቀጥሎ ተስማማን። ጠቡ ዜማው ለገመድ ሥራ ይሆናል አይሆንም በሚል ነው። እሱ «ቃሉን ከራሳችን ካደረግን ኃጢአት የለውም፤ ዜማ ዕቃ መያዣ ነው» አለ። እኔ የማልስማማው እሱ ስላለው ብቻ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ግዕዝ «ደኅና ነኝ፣ እየሠራሁ ነው» ማለት ነው። ዕዝል «ገመድ ጨምር»። አራራይ «ሳበኝ»።

አንድ ደንብ ጨመርን። በዜማ ቤት አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። እሸቴ ይመራል፤ እኔ ያንኑ ዜማ ተቀብዬ በስልኩ እመልስለታለሁ፤ እሱ በትክክል መስማቴን አውቆ ሁለተኛ ይመራል። ሁለተኛው ካልመጣ ማንም ገመድ አይነካም። እግሩ ብረት መካከል ገብቶ ሳለ ሰምቻለሁ ብሎ የሚስብ ሰው ግማሹን ሊያወጣው ይችላል።

ሙሴ ያኒ ሐሳባችንን ሰምቶ ጢሙን አሻሸ። «ጥሩ ናት» አለ። «እኔ ሁለተኛዋ ካልሰማሁ አልስብም። ንጉሥ ብትመጣ አልስብም።»

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አገራችን ተላክን። በእስቴና በስማዳ መካከል፣ ገደል የከበበው፣ ስፋቱ ትንሽ ጥልቀቱ ጉድ የሆነ ውኃ አለ። ጉድባ ባሕር ይሉታል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውኃውን በሞተር ስቦ እርሻ ሊያጠጣ አስቦ፣ የባሕሩን ወለል የሚሰረስር መሣሪያ በበርሜል መንሳፈፊያ ላይ ጭኖ ነበር። መንሳፈፊያው ተገለበጠ። መሣሪያው ሄደ። «ከባሕር የሚያወጡ ሰዎች ምጽዋ አሉ» ተባለ።

መኪናው ያደረሰን ደብረ ታቦር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ቦምቦላዎቹን በበቅሎ ለመጫን ሞክረን፣ በቅሎዋ ተኝታ እምቢ ስትል፣ ሰው ቀጠርን። ሰዎቹም እንደሚያውቁት አደረጉ፤ እያንዳንዱን ቦምቦላ ፀሐይ እንዳያግለው በጋቢ ጠቅልለው ቃሬዛ ላይ አስረው ለአራት ተሸከሙት። እኔና እሸቴ ከኋላ እንከተላለን። ሙሴ ያኒ ጥቁር ባርኔጣውን አድርጎ ከፊት ይሄዳል።

በየመንደሩ ወንዶች ከእርሻቸው እየወጡ ቆሙ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እስቴ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ስንት ናቸው፣ ልጄ?» አሉኝ። «ብዙ ናቸው፣ አባቴ» አልኩ፤ እውነቴን ነው። «በሽታ ነው ጠብ?» «ጋዝ ነው» አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዬ፣ አላውቀውም። አዲስ በሽታ ነው።» ለቅሶው ከዚያ በኋላ ባሰ፤ ጉድባ ባሕር የደረስነው በብዙ አልቃሽ ታጅበን ነው።

ሙሴ ያኒ ባሕሩን አይቶ ሰንጠረዡን አወጣ። ጠላቂ ከጥልቅ ሲወጣ በየደረጃው እየቆመ ነው የሚወጣው፤ የት ምን ያህል እንደሚቆም ሰንጠረዡ ይናገራል። የምጽዋ ሰንጠረዥ ግን ለደጋ አይሆንም፤ አየሩ ሲሳሳ መቆሙ ይረዝማል። ታሞ የወጣ ጠላቂ የሚታከምበት የብረት ክፍል ደግሞ ምጽዋ ቀርቷል፤ እሱን በቃሬዛ የሚሸከም ሰው ገና አልተወለደም። ሙሴ ያኒ ሰንጠረዡን በእርሳስ አርሞ አረዘመው። «እዚህ ስሕተት የለችም» አለን። «እዚህ ስሕተት ካለች እሸቴ የለችም።»

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ሕዝቡ ገደሉን ሞላው። ወደ ወገዳ ገበያ የሚሄደውም ከነአህያው ቆመ። ሙሴ ያኒ ቦምቦላዎቹን እየከፈተና እየዘጋ እንዲሰማ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ሣጥን ጋር አገናኝተነው ነበር። እሸቴ ሰው ሁሉ እያየው ሰጠመ። ትንሽ ቆይቶ ሣጥኑ መንቋቋት ጀመረ።

«ሰውየውን ባሕሩ ዋጠው!» አለ አንዱ። «ይኸ የሚናገረው የዋጠው ነው!»

ያልሸሹት አህዮቹ ብቻ ናቸው። አንድ ቄስ ጠበል ይዘው እየሮጡ መጡ። ሣጥኑን አቀፍኩት።

«አባቴ፣ ይተዉ! ባትሪ ነው! ጠበል አይወድም!»

«ጠበል የማይወድ ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን!» አሉና እኔንም አብረው ረጩኝ።

በዚህ መካከል ነው መሪጌታ ላቀው የደረሱት። የአጥቢያው የዜማ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መቋሚያቸው ከእሳቸው የወፈረ። እጃቸውን አንስተው ሸሽቶ የሚንጫጫውን ሕዝብ ዝም አሰኙ። ሣጥኑ ላይ ጆሯቸውን ጣሉ። እሸቴ ታች ሆኖ በግዕዝ እየመራ ነበር፤ ከቃሉ እኔ የያዝኩት «ጭቃ፣ ጭቃ፣ የምን ጭቃ ነው» የሚለውን ነው።

«ጋኔን ቢሆን ዜማ ባልጠበቀ» አሉ መሪጌታ። «ይህ የቤተ ልሔም ልጅ ነው። ማነው?»

«እሸቴ ይባላል፣ የኔታ። የስማዳ ነው።»

«እዚያ ታች ሲመራ የሚቀበለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ድምፄን ሰምተው ነበር። «ምስኪን» አሉ። ያዘኑት ለእኔ አልነበረም።

በማግሥቱ የእሸቴ እናት እማማ ዘውዴ ከስማዳ መጡ። ልጃቸው ባሕር ይገባል ሲባል በእግራቸው የመጡ ሴት ናቸው። ሣጥኑን ሲያሳዩአቸው አዳምጠው አፈገፈጉ።

«ይህ ልጄ አይደለም። የኔ ልጅ ጎርናና ነው።»

«ጋዙ ነው፣ እማማ። ሲወጣ ይመለሳል።»

«ድምፁ ነው ወይስ እሱ ነው የሚመለሰው?»

«ሁለቱም።»

«እስቲ እናያለን» አሉና ከሣጥኑ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እሸቴ በወጣ ቁጥር ተናገር ይሉታል፤ ሰምተው ይረጋጋሉ፤ ሲወርድ ደግሞ ዳክዬዋን እንደ ባዳ ያዩዋታል።

መንጠቆ የሚታሰርበት ቀን ደረሰ። ሥራው ቀላል ይመስላል። መሣሪያው ከሰባ ሜትር በላይ ታች በጎኑ ተኝቷል፤ ሦስት የብረት እግሮች አሉት። እሸቴ በእግሮቹ መካከል ሾልኮ ዳር የተተከለውን የመዘውር ገመድ በመንጠቆው ከመሣሪያው ወገብ ያስራል፤ ከእግሮቹ መካከል ይወጣል፤ በአራራይ ይመራል፤ ይሳባል። አለቀ። ከባዱ ነገር ውኃው የበረዶ ያህል መቀዝቀዙና ሂሊየሙ የተረፈውን ሙቀት መስረቁ ነው። የታች ድብልቅ ያለባቸው ቦምቦላዎችም ጥቂት ቀርተው ነበር።

ጠዋት ላይ ቀና ስል መሪጌታ ላቀው በገደሉ መንገድ ይወርዳሉ። ከኋላቸው የደብሩ ካህናት ሁሉ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ይከተላሉ፤ ሁለት ሰዎች ከበሮ ተሸክመዋል። ወርኃ ጽጌ፣ ማኅሌት የሚበዛበት ወር፣ ስለነበር ጉሮሯቸው ሁሉ የተሳለ ነው።

«የኔታ፣ ምንድን ነው?»

«ልጁ ብቻውን አይደለም ለማለት ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የኔታ። ግን እባክዎ ድምፅ እንዳይሰማ። ሥራው ከባድ ነው።»

«ድምፅ?» አሉ ተቀይመው። «እኛ ድምፅ አናሰማም። ዜማ ነው የምናሰማ።»

እሸቴ ወረደ። ዕዝል መራ፤ ገመድ ጨመርን። ግዕዝ መራ፤ ተቀበልኩት። ካህናቱ በመቋሚያቸው ተደግፈው ራሳቸውን ብቻ ያወዛውዛሉ። ደኅና ነው አልኩ። ቆየት ብሎ ግን የእሸቴ ግዕዝ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግዕዝ የማይንቀጠቀጥበት ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣል። በርዶታል። ለሙሴ ያኒ ነገርኩት። «አውቃለሁ፣ በርዷታል» አለ፤ ዓይኑ ከመለኪያው አልተነሳም።

ከዚያ አራራይ መጣ።

አራራይ በተፈጥሮው አንጀት የሚያላውስ ዜማ ነው። ጥርሱ የሚፋጭ ሰው ሲያዜመው ደግሞ አትጠይቁኝ። ቃሉን እኔ ለይቼዋለሁ፤ «ሳበኝ፣ በረደኝ፣ ሳበኝ አንተ ጋይንቴ» ነበር። መሪጌታ ላቀው ግን የሰሙት የሚንቀጠቀጥ አራራይ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተነካ!» አሉ። «ልጁ ተነካ!»

መቋሚያቸውን አነሱ። እኔ ለመቀበል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀድመው ተቀበሉ። ካህናቱ ሁሉ ተከተሉ። ከበሮው ዱም አለ። ገደሉ ዙሪያውን እየመለሰ አንዱን ማኅሌት ሦስት አደረገው።

የዜማ ሰው የሆነ አንባቢ ምን እንደደረሰብን ገብቶታል። ላልገባው፦ አራራይ ሲቀበሉት በጥድፊያ አይቀበሉትም። ይነሣል፣ ይጎተታል፣ ይዞራል፣ መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዘማል። ጥሩ ካህናት ከሆኑ ረዘም ያለ ነገር ነው። እነዚህ ደግሞ እጅግ ጥሩ ካህናት ነበሩ።

«ሁለተኛዋ ሰምተሻል?» አለኝ ሙሴ ያኒ።

«አልሰማሁም! ከበሮ ነው የምሰማው!»

«አልስብም።»

እማማ ዘውዴ ከድንጋያቸው ተነሥተው መጡ። «አንተ ልጅ፣ ያ ነገር ምን አለ?»

«ሳቡኝ አለ፣ እማማ።»

«ታዲያ ሳቡት!»

«ሁለተኛ ካላለ አይሳብም።»

«ሰው ስንት ጊዜ ነው እርዱኝ የሚለው?»

እግሩ ከብረቶቹ ወጥቶ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዝም ብሏል። ለምን ዝም እንዳለ የነገረን በኋላ ነው፤ ስልኩ የኛን ድምፅ ሁሉ ወደ ታች ያወርድለታል፤ መሪጌታ መሆናቸውን በድምፃቸው አውቋል። «የኔታ እያዜሙ እንዴት አቋርጣለሁ?» አለን። ሰባ ሜትር ውኃ ራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ጥርሱ እየተፋጨ፣ ድጓ ቤት እንደ ተማረው እጁን አጣምሮ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ሙሴ ያኒ የመጨረሻውን የታች ቦምቦላ ከፈተ። ሲከፍተው አየሁት፤ እሱም ሳየው አየኝ።

ወደ ካህናቱ ሮጥኩ። እጄን ወዲያና ወዲህ አወዛወዝኩ፤ ተዉ ማለቴ ነው። አንዱ ቄስ ከእነሱ ጋር የማሸበሽብ መስሏቸው በፈገግታ ጸናጽል አስያዙኝ። የሌላውን ካባ ጎተትኩ፤ በመቋሚያ ጫፍ ቀስ አድርገው ወደ ሰልፍ መለሱኝ። «ሰው ሊሞት ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ቃሌ ከከበሮው ድምፅ አላለፈም፤ ያለፈውም እንደ ዜማው ቃል ሳይቆጠር አልቀረም።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ታወሰኝ። ድጓ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው ዜማ ሲስት መምህሩ «ተመለስ!» ይለዋል። ከልጅነት ጀምሮ በዚህ ቃል ጉሮሮው ያልተዘጋ ካህን የለም። የትም ይሁን፣ ማንም ይሁን፣ ያን ቃል ሲሰማ አፉ ከራሱ ቀድሞ ይቆማል። ይህን ቃል ግን መምህር ለተማሪ ይለዋል እንጂ ለመምህር የሚል የለም። ሳያስመሰክር የወጣ፣ ጸናጽል የያዘ ስልክ ጠባቂማ በጭራሽ።

መሪጌታ ፊት ቆምኩና ጮኽኩ።

«ይመለሱ፣ የኔታ! ስተዋል!»

ዝም አለ። ሁሉም። ከበሮ መቺው እጁ ወደ ላይ እንደወጣ ቀረ። መሪጌታ ላቀው ከንፈራቸው ተከፍቶ ያዩኛል፤ ፊታቸው ቀስ እያለ መቅላት ጀመረ።

በዝምታው መካከል ሣጥኑ ተንቋቋ። አራራይ። ሁለተኛ። ከመጀመሪያው ፈጠን ያለ፣ ንዴት ያለበት አራራይ።

«ሁለተኛው ነው!» አልኩ።

«ሳቢ!» ብሎ ጮኸ ሙሴ ያኒ ለስምንት ጎረምሶች፤ ስምንቱም ሳቡ።

ወዲያው አልወጣም። በየደረጃው መቆም ነበረበት፤ ታች በመቆየቱም ሙሴ ያኒ መቆሚያዎቹን ጨመረበት። እማማ ዘውዴ ጋዙ የሚወርድበት ቧንቧ አጠገብ ቆመው ለምን አታወጡትም አሉኝ። እርሾ የበዛበት ጠላ ጋን ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ምን ይሆናል አልኳቸው። «ይገነፍላል» አሉ። ደሙም እንደዚያ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ገመድ ሳቢዎቹን «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያሉ የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ።

መሪጌታ ላቀው ካህናቱን ሰድደው ብቻቸውን ወደ እኔ መጡ።

«የት ላይ ነው የሳትሁት?»

«የትም አልሳቱም፣ የኔታ።»

«አልሳትሁም።»

«አልሳቱም።»

«እንግዲያ ያን ቃል እንዴት ደፈርህ?»

«ሰው ሊሞት ነበር፣ የኔታ። ሊያቆሙልኝ ፈልጌ ነው።»

«ሰው ሊሞት ነው አትለኝም?»

«ብያለሁ። ቢሰሙስ ያቆሙ ነበር?»

አሰቡበት። ሐቀኛ ሰው ናቸው። «አላቆምም ነበር» አሉ። «ሰው ሊሞት ነው ብትለኝ ከፍ አድርጌ አዜምለት ነበር።» ወደ ሣጥኑ አዩ። «ለመሆኑ ልጁ ቃሉ ምን ነበር?»

ለመዋሸት ዳድቶኝ ነበር። «‹ሳበኝ፣ በረደኝ› ነበር የሚለው፣ የኔታ።»

«በአራራይ?»

«በአራራይ።»

መሪጌታ ቃሉን ከንፈራቸው ውስጥ አደረጉት፤ ዝግ ብለው አንድ ጊዜ በዜማው አወጡት አወረዱት። «ይሄዳል» አሉ። «ከሚያዜሙት ብዙዎቹ የሚሉትም ያንኑ ነው።»

እሸቴ መጨረሻው መቆሚያ ላይ ሲደርስ ሙሴ ያኒ ድብልቁን ዘግቶ ተራ አየር ለቀቀለት። እዚያ ላይ ውኃው ስለማይጠልቅ ተራ አየር አያሰክርም። እሸቴ በዚያን ጊዜ ስለ እኔ ሲናገር ነበር፤ ምን እንደሚል መድገም አያስፈልግም። ስድቡን በዳክዬ ጀምሮ መካከሉ ላይ ድምፁ ወፈረ፤ ሲጨርስ የስማዳው ጎርናና እሸቴ ሆኗል።

እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «መጣ!» አሉ። «መጣ ልጄ!»

ገና ውኃ ውስጥ ነበር። ማንም አላረማቸውም።

መሣሪያው በማግሥቱ በመዘውር ወጣ። ተሰብሯል። መሥሪያ ቤቱም እኛ ታች ሳለን ሐሳቡን ለውጦ ኖሮ መሣሪያውን የሚረከብ ሰው አልላከም። ከሦስቱ እግሮች አንዱን መሪጌታ ላቀው ለምነው ወሰዱት፤ ደብሩ አጠገብ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደወል ይመታል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሂሊየም አልነካውም።

እኔ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ሥራ ላይ ሽበት አብቅያለሁ፤ አዲስ ስልክ ጠባቂ ሲመጣም የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ዜማ የማያውቁም ይመጣሉ፤ ለእነሱ ሌላ ምልክት አለ። የማስተምራቸው ደንብ ግን አንድ ነው፤ እሱንም ካህን ሆነ ሚኒስትር፣ አለቃ ሆነ ጎብኚ፣ ጀልባዬ ላይ ለወጣ ሁሉ መጀመሪያ እነግረዋለሁ። ከታች ያለው ሰው ሲናገር ከላይ ያለው ዝም ይላል።